ትርንጎ በሰው ተራ

ትናንት ሌሊት፣ ከእራት ላይ እጄን መሰብሰብ አቅቶኝ በተኛሁበት፣ ምን አየሁ መሰላችሁ? የበዓል ዋዜማ ነው። በጎች ጃንጥላ ዘርግተው ሰው ተራውን ይዞሩታል፤ እኔ ከግንድ ጋር ታስሬ ቆሜያለሁ።

አንድ ፍየል ደላላ ወገቤን መታ መታ እያደረገ «የቢሮ ነው! ከወንበር ተነስቶ አያውቅም!» ይላል። መነጽር ያደረገ በግ ጎኔን ዳሰሰኝ።

«ሙክት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! የልጆች አባት ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ድምፁም ደህና ነው» አለ በጉ። «ባለቤቴን ይዣት ልምጣ።»

ነፍሴ ተጨነቀች። እስኪመለስ መክሳት አለብኝ! ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ገንዳ ሙሉ ፍርፍር ነው። እየፈራሁ እበላለሁ፣ እየበላሁ እፈራለሁ።

አጠገቤ የታሰሩት እትዬ ይርገዱ፣ ቅጥነታቸው በዓል በመጣ ቁጥር ከመሸጥ ያተረፋቸው ሴትዮ፣ ከመቀነታቸው የትርንጎ ልጣጭ ፈተው «እንካ አኝክ፣ አንተ ሆዳም!» አሉኝ።

«ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ?»

«እስቲ ውስጥህን እየው።»

ሆዴ እንደ ሱቅ መስኮት ተከፈተ። አንጀቴ ደጃፍ ላይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ያንኮራፋል።

«ሆርሞን ይሉታል» አሉኝ። «ስትጠግብ ወደ ጭንቅላትህ ሮጦ ‹በቃው› ማለት ነበር ሥራው። እንዲህ ያለውን እንቅልፋም የትርንጎ ምሬት ይቀሰቅሰዋል አሉ፤ እንሞክረዋ!»

አኘክሁ። ምሬቱ አናቱ ላይ ጠብ ሲልበት ዘበኛው ዘሎ ተነሳ። በጀርባዬ ሽቅብ እየሮጠ «ጠግቧል! ኧረ ጠግቧል!» አለ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብሎ ጭንቅላቴ ተቆጣው።

ወዲያው ፍርፍሩ አስጠላኝ። ሆዴ ጎደለ፣ ሱሪዬ ወለቀ፣ ገመዱም ሾልኮ ወደቀ። በጉ ሚስቱን አስከትሎ ሲመለስ፣ እሷ ጎኔን ነካ አድርጋ «ይሄን አጥንት? ጎመን በጤና!» ብላ ጥላኝ ሄደች።

ተረፍኩ! ሱሪዬን በእጄ ይዤ እዘላለሁ፤ እትዬ ይርገዱ እልልታውን ያቀልጡታል።

በዚያው ነቃሁ። ረፍዷል። ባለቤቴ ፈትለወርቅ ከገበያ ባዶ እጇን ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«በጉስ?»

«ዋጋው አይቀመስም። ለነገው በዓል ለልጆቹ ምን እንደምላቸው እንጃ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አንጀቴን በላችው። ትስቅልኝ እንደሆነ ብዬ ሕልሜን ከነትርንጎው ነገርኳት። አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሆዴን ትክ ብላ አየችው።

«አደራህን» አለችኝ፣ «እስከ ነገ ትርንጎ ቀርቶ ሎሚ እንኳ አፍህ እንዳይገባ!»