ዊልቸሩ ለሶፋው ተሰጠ

ለልጄ ዊልቸር እንዲሰጠን ያመለከትኩበት ድርጅት ሰው ጠዋት መጥቶ ቤታችሁን ያያል ስለተባልኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

በሕልሜ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሠራተኞች በራችን ላይ ተሰልፈዋል። ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ነጯን መኪናቸውን በአንቀልባ አዝለዋታል። እኔም ልጄን ፌቨንን ትምህርት ቤት የማደርሳት አዝዬ ነውና ወገባቸው አሳዘነኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እግሯ አይሄድም፤ በየወሩ ትከብዳለች።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቀበሉኝ» አለ የመጀመሪያው። «የጣራ ጥገና ነኝ። ሦስት ዓመት ደጅ ጠናሁ።»

«እኔ የተማሪዎች ምሳ ነኝ» አለች ከኋላው ያለችው።

«እኔ የልብስ ስፌት መኪና ነኝ፤ ከነሥልጠናዬ» አለ ሌላው።

«ዊልቸር የለም?» አልኩ።

ከረባት ያሰረው ሥራ አስኪያጅ ከሰልፉ ወጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «አለ፤ እኔ ነኝ።»

«ሀብታም ለመሆንህ የቀበሌ ደብዳቤ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ማኅተሙ ደብዝዟል። ሦስት ምስክርና ጉርድ ፎቶ ይዘህ ማክሰኞ ተመለስ።»

ሆዴ ተቀበይው፣ ተቀበይው ይላል። አፌ ግን አልታዘዘኝም። ሰውየው ደብዳቤውን አጥፎ፣ ዊልቸሩን እየገፋ፣ እያለቀሰ ሄደ።

ከዚያ መንገድ ላይ ነበርን። ፌቨን አዝላኝ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

«እማዬ፣ ከብደሻል» አለችኝ።

«አውርጂኛ።»

«ካወረድኩሽ ማን ያነሣሻል?»

ይህን በየቀኑ በልቤ የምለው እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ክፍል ስንገባ ተማሪ የለም። ወንበሮች ሰው ላይ ተቀምጠው ስብሰባ ይዘዋል። ፊታቸው የቆመው አመልካች ቀይ ሶፋ ነው። ሳየው አወቅሁት። ቤቱ ለእንግዳ ባዶ እንዳይመስል ብዬ፣ ትናንት ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘርፌ የተዋስኩት ነው። ቴሌቪዥናቸውንና ምንጣፋቸውንም አውሰውኛል።

«ስንት እግር አለህ?» አለ ሰብሳቢው በርጩማ።

«አራት።»

«ስንቱ ይሄዳል?»

«አንዱም።»

ጉባኤው አለቀሰ። ምንጣፉ ለምስክርነት ተነሣ። «ትናንት በአራት ሰው ሸክም ነው የመጣው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዊልቸሩ ለሶፋው ይሰጥ» ተባለ።

«ልጄስ?» አልኩ።

በርጩማው መዝገቡን ገለጠ። «እሷ የሚሸከማት አላት።»

ሶፋው ዊልቸሩ ላይ ወጥቶ እየተንከባለለ ሲያልፍ የፌቨን ጉልበት ከሥሬ ከዳ። ተያይዘን ወደቅን። «እማዬ» ስትል ነቃሁ።

ፀሐይ ወጥቷል። ፌቨን ትናንት የተኮስኩላትን ቀሚስ ለብሳ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

«የድርጅቱ ሠራተኛ መጥታ ነበር» አለችኝ።

«የታለች?»

«ሄደች። ልቀስቅሳት ስላት፣ ተያት ደክሟት ነው አለችኝ። ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም ፎቶ አነሣችው።»

«የጎረቤት ነው አላልሻትም?»

«ለሰው እንዳትናገሪ አላልሽኝም?»

«ሌላስ ምን አለችሽ?»

«ምን ይጎድላችኋል አለችኝ።»

«እሺ፣ ምን አልሻት?»

ፌቨን ኮራ ብላ ቀና አለች። ለእንግዳ እንዴት እንደሚመለስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም አልኳት። ትምህርት ቤት እንዴት ትሄጃለሽ ስትለኝም፣ እማዬ ታዝለኛለች፣ ምንም አይደክማትም አልኳት።»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘርፌ ናቸው።

«እንግዳሽ ከሄደች» አሉኝ፣ «ሶፋዬን ላስወስድ።»