አብርሆት በግራና ቦይ ዳር

ሰው የሚያስተምረውን ነገር ያውቀዋል ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ፣ ይህን ጨዋታ ዝለሉት። እኔ ወልድያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። የአብርሆት ዘመን የሚባለውን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንደ ደገምኩት ፈጣሪና ጥቁር ሰሌዳው ናቸው የሚያውቁት። ምዕራፉ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ ዊግ ያጠለቁ፣ ብዙ የሚያነቡና ከዚያም በላይ የሚከራከሩ ሰዎች ተነሡ። ንጉሥ ሥልጣኑን ከሰማይ አላመጣውም፣ ያዋሰው ሕዝቡ ነው፣ ያዋሰ ደግሞ መልሶ መውሰድ ይችላል አሉ። ሕግ አውጪውም፣ አስፈጻሚውም፣ ፈራጁም አንድ ሰው ከሆነ ያ ሰው መልአክ ቢሆን እንኳ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሥልጣን ለሦስት ይከፈል አሉ። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሁን አሉ። ዛሬ ዴሞክራሲያዊ ነኝ የሚል መንግሥት ሁሉ፣ ከልቡ የሚለውም ለወጉ የሚለውም፣ ሕገ መንግሥቱን ሲጽፍ ከእነዚህ ሰዎች ሳይቀዳ አልቀረም። የእኛም ቀድቷል።

«እኛ ግን» እል ነበር ለተማሪዎቼ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ብለን የተረትን ሕዝብ ነን፤ ገና ብዙ ይቀረናል።» የሚቃወመኝ አልነበረም። ጥያቄ አውጪው እኔ፣ ፈታኙ እኔ፣ አራሚው እኔ። ይህን ሥልጣን ለሦስት ክፈለው ያለኝ ሰው የለም።

ጦርነቱ ሲመጣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በእግር ወጣን። መርሳ ደረስን፤ መርሳም ለመሸሽ እየተሰናዳች ነበርና ወደ ግራና አቅጣጫ ቀጠልን። እንድሪስ የሚባል ገበሬ ቤት ገባን። ከእንድሪስ ጋር የሚያስተዋውቀን ወልድያ ገበያ ሽንኩርት ሲያመጣ ከእሱ መግዛታችን ብቻ ነው። ወሎ ውስጥ ይህም ዝምድና ነው። እሱ፣ ሚስቱ ዘሀራና አራት ልጆቻቸው ስድስት ነበሩ፤ እኛ ስንጨመር ዐሥር ሆንን። ማንም አልቆጠረንም፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መንግሥት አልነበረም። ቀበሌው ተዘግቷል፣ ፖሊስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ መብራትና ስልክ የሉም። በቦታዋ የቀረችው አንዲት የመስኖ ቦይ ናት። ውሃዋን የሚያከፋፍሉት ሼህ ይመር ናቸው፤ ባለማሳዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው የሚመርጡት፣ የውሃ አባት የሚባለው፣ አካፋ ተሰጥቶት ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው። በዚያ ሰሞን መንግሥት ማለት እሳቸው ነበሩ።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም። ቀን ቀን ማንጎው ሥር ተቀምጠን ማሽላ ስንፈለፍል ለእንድሪስ አብርሆትን አስተማርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «ለሦስት መክፈሉስ መልካም ነው፤ ታዲያ ሦስቱ ሲጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል?» አለኝ። ፍርድ ቤት አልኩት። «እሱ ከሦስቱ አንዱ አይደለም እንዴ፣ መምህር?» አለና ወደ ማሽላው ተመለሰ። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ከርእስ ወጥተሃል እለው ነበር።

የጎተራው እህል እየተሟጠጠ ነው። ለዐሥር አፍ የቀረችን ተስፋ እንድሪስ ከቦዩ ግርጌ የዘራት በቆሎ ናት። ጠጉሯን አውጥታለች፤ ክረምቱ ግን ቀድሞ ወጣ። አንድ ውሃ ካገኘች እሸት ትሆናለች፣ ካላገኘች የከብት መኖ። ተራችን ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ብንወርድ ቦያችን ደረቅ ነው። ውሃው ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል፤ ወደ ሼህ ይመር ሴት ልጅ ሽንኩርት። ቀጣዩ ተራ የሚደርሰን ከዐሥር ቀን በኋላ ነው፣ በቆሎዋ ደግሞ ያን ያህል አትቆይም።

ወዲያውም ተናደድኩ። ሥልጣን ያባልጋል አላልኩህም፣ ክሰሳቸው አልኩት። እንድሪስ «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ያን ተረት የሚነግረኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ጨው ሊበደር እንደሚሄድ ሰው ተነሥቶ ሄደና ለባለማሳዎቹ ክስ እንዳለው ተናገረ። ረፋዱ ላይ ሁሉም ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። ከማዶ ከባድ መሣሪያ ያጓራል።

ሼህ ይመር መጡ። ማንም ሳያዛቸው አካፋቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ከእንድሪስ ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። የውሃ አባት ሲከሰስ ነገሩ እስኪያልቅ አካፋ አይዝም አሉኝ። ፈራጅ ሲፈለግ አንድ ሰው፣ ሕግ የሚያውቁ መምህር አሉ፣ እንግዳ ናቸው፣ ማሳም የላቸው፣ እሳቸው ይዳኙ አለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የዳኛው ድንጋይ ላይ ተመቻችቼ ተቀምጬ፣ ስለ ሕግ የበላይነት መግቢያ ላሰማ አፌን ስከፍት እንድሪስ ብድግ አለ።

«በሕግ አምላክ» አለ ረጋ ብሎ። «መምህሩ እኔ ቤት ነው የሚበሉት። ይነሡልኝ።»

አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው። ተነሣሁ። በአጠገቡ ሳልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ላንተ እኮ ነበር የምፈርደው አልኩት።

«ለዚያው ነው የተነሣሁት» አለኝ። «ውሃዋን በሐቅ ነው የምፈልጋት። በሐራም የበቀለ እሸት ለልጆቼም ለልጆችዎም አይበጅ።»

አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከላይኛው ቦይ፣ ከዚህ ውሃ የማይጠጣ ማሳ ያላቸው ሦስት ሰዎች ተጠርተው ዳኙ። ሼህ ይመር አልካዱም። «ባሏ ከወጣ አልተመለሰም፣ ልጄ አለቀሰችብኝ፣ ልቤ አጋደለ» አሉ። ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። ፍርዱ ግን አላጋደለም፤ ውሃው አሁኑኑ ወደ እንድሪስ ይመለስ ተባለ። ባለማሳዎቹም መክረው እያንዳንዳቸው ከተራቸው ትንሽ ትንሽ ለልጅቱ ሊቆርሱላት ተስማሙ፤ አካፋው ደግሞ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ወሰኑ። ሼህ ይመር ራሳቸው አነሡት፣ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉና በሁለት እጃቸው አስረከቡ። አላህ ያግዝህ አሉት ተረካቢውን።

በቆሎዋ ከሰዓት በኋላ ጠጣች። ዘሀራና ባለቤቴ ማሳው ዳር ቆመው ውሃው ሲገባ ያዩ ነበር፤ ሁለቱም አልቅሰዋል።

አገር የሚያናውጠው ነገር ሁሉ አካፋውን አልለቅም ከሚል ሰው ይመጣል ብዬ አላስተምራችሁም። ማስተማር ለጊዜው ትቻለሁ። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

በማግስቱ ማለዳ ባለማሳዎች ተራቸውን ለመጠየቅ ቦዩ አፍ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሼህ ይመር ቆመዋል። አዲሱ የውሃ አባት ደንገጥ ብሎ፣ እርስዎማ ወደ ፊት ይምጡ እንጂ አላቸው። ባሉበት ቆዩ። ከማዶ ያ መሣሪያ እንደገና አጓራ፤ ከሰልፉ ዞር ብሎ ያየ የለም። ሼህ ይመር ሲደርሳቸው፣ የኔ ማሳ መቼ ነው ብለው ጠየቁ።

«የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ» አላቸው።

«እሺ» ብለው ሄዱ።