ነገሩ እስኪጣራ

ሰው የሚሸምተው በገንዘቡ ይመስለዋል። በልቡ ነው እንጂ። ልብ ከፈራ ኪስ ቢያብጥ ምን ይፈይዳል? ይህን ያወቅሁት ፊደል ቆጥሬ አይደለም፤ ጣራዬ አስተምሮኝ ነው።

የሣር ክዳኔ አርጅቶ፣ ተጋድሜ ደመና የማይበት ሆኖ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ደመና አትወድም። ክረምት ሳይገባ ወይ ሣር ወይ ቆርቆሮ፣ አለዚያ እናቴ ቤት እገባለሁ አለችኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ ሣር ምን ያደርግልናል፣ ቆርቆሮ አመጣለሁ አልኋትና ሁለት ሙክት ነድቼ ሞላሌ ገበያ ወረድሁ።

ሙክቶቹን ሸጬ ቆርቆሮ ነጋዴው አያ በላቸው ዘንድ ብደርስ፣ ጆሮው ሬዲዮ ላይ ተለጥፏል። ሩቅ አገር ሁለት መንግሥታት ተኳርፈው የመርከብ መንገድ ሊዘጋ ነው፤ የዶላሩ መመሪያም ሊለወጥ ነው፤ የለም፣ ተለውጧል፤ የለም፣ ሊመለስ ነው። ዋጋው ሊወርድ ይችላል፣ ሊሰቀልም ይችላል፣ ነገሩ እስኪጣራ ታገሥ አለኝ። እኔ ይወርዳል ብዬ አልገዛ፣ እሱ ይሰቀላል ብሎ አይሸጥ፤ እንደ ሁለት አውራ በግ ተፋጠጥን። እኔ እኮ መርከብ አይቼ አላውቅም። ጓሳ ተራራ አናት ላይ ቆሞ ባገኘው በሬ ነው ብዬ እጠምደው ነበር።

በአባቴ ጊዜ መመሪያ አንድ ነበር፦ ጓሳ ተዘግቷል፣ ወይም ተከፍቷል። ሽማግሌዎች የአገሩ የጋራ የሆነውን የጓሳ ሣር ዓመታት ዘግተው ያቆዩትና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከፍቷል ይላሉ፤ አገር ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሊከፈትም ላይከፈትም ይችላል የሚል ሽማግሌ አልነበረም። አባቴ ጭኖ ሲመለስ ፈረሱ አይታይም፤ ሣሩ በአራት እግሩ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያ የአዲስ ክዳን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ወሬው ይጣራል ብዬ ሞላሌ ሳምንት ከረምሁና ሳይጣራ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ጎረቤቴን አያ ጥላሁንን ሣር ጭኖ አገኘሁት። ጓሳ ተከፈተ እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ እሑድ ተከፍቶ ዛሬ ተዘጋ፣ አስካለንም እንሂድ ብንላት ባሌ ቆርቆሮ ያመጣል አለች፣ አንተስ የት ነበርህ አለኝ። የባሕሩን መዘጋት ስጠብቅ ጓሳ ተዘጋብኝ ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔ ደግሞ ሚስቴንም ጨምሬ።

ዝናቡ ሲጀምር አስካለ ያለችውን አደረገች። አማትና ምራት አስታርቀው የማያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ ላክሁባት። መልሷን ይዘው መጡ፦ ልመለስ እችላለሁ፣ ላልመለስም እችላለሁ፣ ነገሩ እስኪጣራ ይታገሥ።