ዜሮ ያመጣው ሳህን

ተቋማችን ተሳስቶ አያውቅም፤ ስህተት የሚሞላበት ቅጽ የለውምና። ያለው አንድ የግምገማ ቅጽ ሲሆን እሱም ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ስንት ነበር? አሁንስ?» የጨመረ ይሸለማል፣ የቀነሰ ይዘጋል። ከዚህ የቀለለ ፍትሕ ከየት ይገኛል?

በግምገማው ቀን አንዲት ተመራማሪ ከምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ሁለት የመስታወት ሳህን ይዛ ቀረበች። ሁለት ዓመት የለፋችው በቁስል ቅባት ላይ ነው። የብርን ማዕድን ዓይን ወደማያየው ቅንጣት ለውጣ ከዘይቱን ቅጠል ጭማቂ ጋር አዋህዳዋለች፤ ብሩ ባክቴሪያውን ሲገድል፣ የቅጠሉ አንቲኦክሲዳንት ቁስሉ እንዳይቆጣ ያበርዳል።

«ይህ ቅባት የገባበት ሳህን ስንት ባክቴሪያ ነበረው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አንድ ሺህ፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«አሁንስ?»

«አንድም የለም!» አለች በደስታ።

አዳራሹ ሐዘን የገባበት መሰለ።

«ወይ ልጄ! ሺህ ተረክበሽ ሙልጭ አደረግሻቸው? ያኛውስ?»

«እሱ እንኳ ለማነጻጸሪያ ነው። ምንም አልተደረገለትም።»

«ስንት ደረሰ?»

«ሚሊዮን አልፏል።»

«ምንም ሳይደረግለት! ቢደረግለትማ ኖሮ!»

«እንዳሉት ነው» አለ ምክትላቸው። ከዚህ ሌላ ቃል ስለማያወጣ መጠሪያው ራሱ «እንዳሉት» ነው።

ላቦራቶሪው እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ደብዳቤው እስኪተየብ ዳይሬክተሩ የአሸናፊውን ሳህን ክዳን ከፍተው፣ ወረቀት በቆረጠው ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ኧረ አይንኩት! ከመግል የተወሰደ ነው!»

«ቅናት ደግ አይደለም፣ ልጄ።»

ምክትሉ እንዳሉትም በታማኝነት ነካ አደረገና ዓይኑን አሸ።

ሰኞ የመዝጊያው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። የዳይሬክተሩ ቀኝ እጅ ግን እንደ ዳቦ ተነፍቶ ብዕር አልይዝ አለ። ወክሎ እንዳይፈርም የምክትሉ ዓይን ተደፍኗል። ዳይሬክተሩ እያቃሰቱ ምድር ቤት ወረዱ።

«ልጄ፣ ያ ቅባትሽ…»

«ተዘግቷል ተብያለሁ እኮ።»

«ማን ፈረመና? ያልተፈረመ አልተዘጋም! ቀቢኝ እባክሽ!»

ጠዋትና ማታ ቀባቻቸው። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ጣቶቻቸው ታጠፉ። ቢሮአቸው አስጠርተው መረቋት።

«በዳነ እጄ መጀመሪያ የምፈርመው ያንቺን ወረቀት ነው» አሉና የመዝጊያውን ደብዳቤ ፈረሙ።

«ያዳነዎት እኮ ቅባቱ ነው!»

«እሱማ ነው» አሉ፣ ብዕሩን እየከደኑ። «ታዲያ ከዳንኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?»