የዋጉ ዶክተር ሽማግሌ የሆኑ ዕለት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ያለ ውሃ ሊያድር ይችላል፤ ሥራውን ቢሮ ትቶ መምጣት የማይችል ሰው ሳይኖረው ግን አያድርም። ጡረታ የወጣ ትራፊክ ከሆነ ግቢ ውስጥ የልጆች ብስክሌት ሲያስቆም ይውላል። ነርስ ከሆነች ለሰላምታ የዘረጋችሁትን እጅ ይዛ የልብ ምት ትቆጥራለች። ካዛንቺስ ላለው ለእኛ ፎቅ የደረሱን ክቡር ዶክተር ሃይላይ ናቸው፤ የስንዴ ሐኪም፣ የቅጠል መርማሪ፣ የአራተኛው ወለል ብርሃን።

ዶክተር ሃይላይ የሚያጠኑት ዋግን ነው። ዋግ ስንዴ ላይ የሚወጣ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ስትነኩት እንደ ዝገት ያለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። እሳቸውን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ዱቄቱ አይደለም። ዋጉ ባረፈ በሰዓታት ውስጥ፣ ዓይን ምንም ሳያይ፣ የትኛው ዘረመል እንደሚነቃና የትኛው እንደሚተኛ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቅጠሉን ይቆርጡና ጭስ በሚተፋ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይከቱታል። ቅጠሉ በዚያች ቅጽበት ለራሱ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ሁሉ እንዳለ በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ እሳቸው ደግሞ ቁጭ ብለው ያነብቡታል። "ስንዴ ዝም ያለ ይመስላችኋል" ይላሉ ጣታቸውን አንስተው፤ "ውስጡ ግን ሥራ ላይ ነው!"

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጠይቄ አይደለም። ሰው ሲያወራ አቋርጬ መሄድ አይሆንልኝም፤ ዶክተር ሃይላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከሩቅ ይለዩታል። ዳቦ ይዤ ደረጃ ላይ ከተገናኘን ቤት የምገባው ድርቆሽ ይዤ ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፎቁ ሁሉ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ሲያማርር ዶክተር ብቻ ፊታቸው በራ። "አያችሁ? ዋግ ሲመጣ ስንዴውም እንዲህ ነው የሚያደርገው! ምግብ የሚሠራበትን ክፍል ያጠፋና ኃይሉን ሁሉ ለጥበቃው ያዞራል።"

ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሀምዲያ በስልኳ መብራት ፊታቸውን አየችው። "ዶክተርዬ፣ እኛ ስንዴ አይደለንም። ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ አለኝ።"

በነዋሪዎች ስብሰባም እንዲሁ። አጀንዳው ተረኛ ሆኖ የሚተኛው ዘበኛ ይባረር አይባረር ነበር። ዶክተር ተነሡና ዋግ በር ሰብሮ እንደማይገባ፣ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አስቀድሞ ልኮ የቅጠሉን ዘበኞች እንደሚያስተኛ አብራሩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

"እና ዘበኛው ይባረር ነው የሚሉት?"

"ማን እንዳስተኛው ይጣራ ነው የምለው!"

ዘበኛው አልተባረረም። ከዚያ ወዲህ ለዶክተር በር የሚከፍትላቸው ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ናኦድ ሽማግሌ አድርጎ የላከብን።

ናኦድ እህቴን ሩቲን ለማግባት የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ሩቲም ከእሱ ሌላ አላገባም ብላለች። አባቴ አቶ ታዲዎስ "ዶክተር" የሚል ቃል ሲሰማ የኮቱን ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ስለሆነ፣ ናኦድ ብልጠት መስሎት ከአጎቱ ከአቶ አጽብሃ ጋር ዶክተርን ጨመረ። ችግሩ አንድ ነበር። ናኦድ የኢንጂነርነት ሥራውን ለቆ አሁን ታክሲ ይነዳል። ዕድሜውን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ወንበር ለጨረሰው አባቴ ሥራ የለቀቀ ሰው ከእስር ቤት ካመለጠ ሰው አይሻልም። ስለዚህ ናኦድና አጎቱ ነገሩ እንዲዘለል ተስማሙ። ዶክተርንም "ስለ ዋግ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ" ብለው ቃል አስገቧቸው።

ደንቡ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ አንጋፋው ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እኔና ሩቲ ኩሽና ውስጥ ሆነን በበሩ ስንጥቅ እናያለን።

"ልጁ ምን እንከን አለበት?" አለ አባቴ።

"ምንም!" አሉ አቶ አጽብሃ። "እንደ ወተት የነጣ ልጅ ነው።"

ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሩቲ ክንዴን ጨበጠች።

"አቶ ታዲዎስ፣ አንድ እንግዳ ቅጠል ላይ አረፈ እንበል። የእንግዳውን ስም አልጠራም፤ ቃል አለብኝ።"

"ዶክተር፣ የመጡት ቅጠል ሊጠይቁኝ ነው ልጄን?"

"ልጅዎን ነው። ደካማው ስንዴ እንግዳው ሲገባ ዝም ይላል። ለጥቂት ቀን ለምለም ነው፣ ያምራል፤ ውስጡ ግን እየተበላ ነው። ጠንካራው ወዲያው ይነቃል። ተኝተው የነበሩት ዘረመሎች ይነሡና እንግዳው ያረፈባትን ቦታ ስንዴው ራሱ ይገድላታል። ትንሽ የደረቀች ነጥብ ትቀራለች። ከሩቅ ያያት ታመመ ይላል። አልታመመም፤ ከራሱ ቆርጦ ነው የዳነው።"

"ልጁ ላይ ነጥብ አለ እያሉኝ ነው?"

"አለ። ሥራውን ለቋል።"

የአቶ አጽብሃ ከዘራ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሩቲ ዓይኗን ጨፈነች።

"ያልጠነከረ ኮንክሪት ጠንክሯል ብለህ ፈርም አሉት" አሉ ዶክተር። "አልፈርምም ብሎ ወጣ። ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ንጹሕ ነው ብዬ ብሰጥዎ ኖሮ ስለ ልጁ ምንም አልነገርኩዎትም ነበር።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ የአቶ አጽብሃን ከዘራ አነሣ።

"ሕንፃው የቱ ነው?"

"ለምን ፈለጉት?"

"በአጠገቡ እንዳላልፍ።" ከዚያ ወደ አቶ አጽብሃ ዞረ። "ቁጭ በሉ እንጂ። ልጁን ደግሞ እሑድ ራሱን ይዛችሁት ኑ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቅ ሽማግሌ ግን አይቼ አላውቅም።"

ሩቲ እንዳትጮህ ትከሻዬን ነከሰችኝ። ምልክቱ አሁንም አለ።

ሁሉም እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አባቴ ግን ደስ ብሎት "ለመሆኑ ያ እንግዳ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ከእስራት እንደተፈታ ሰው "ዋግ!" ብለው ጮኹ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ፣ አቶ አጽብሃም ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ድረስ አላቆሙም።

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። እንግዶች የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ የምደለድለው እኔ ነኝ። ስልኬ አላረፈም። ሀምዲያ "የኔ ቆንጆ፣ ከዶክተር ብቻ አርቂኝ" ትላለች። አቶ አጽብሃ "የትም ይሁን፣ ብቻ እሳቸው በሌሉበት" አሉኝ። አባቴ እንኳ ትናንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ።

ሁሉንም እሺ አልኩ። ዶክተር ሃይላይን ከእኔ ጎን አስቀምጫቸዋለሁ።