መርከቡን የማይችል ብስኩት

ማንም ሳይሾማት ራሷን የሾመች የብስኩት ዳኛ የሌለችበት መንደር የለም። የለችብንም የሚል ሰፈር ካለ፣ ወይ አይጋገርበትም፣ ወይ ሰዎቹ ፈርተው ነው። የእኛዋ እሜቴ ቤሪል ማክሪዲ ናቸው፤ የአንዛክ ብስኩት ጠባቂ፣ የአጃና የኮኮናት ባለሥልጣን፣ የመንደራችን የዋይታሬ ምድጃዎች ሁሉ የበላይ አዛዥ።

ሕጋቸው አንድ ነው። ብስኩቱ ደረቅ መሆን አለበት፣ አለቀ። "ይሄ እኮ በዓለም ጦርነት ባሕር ማዶ ለዘመቱት ልጆቻችን፣ ለአንዛክ ወታደሮች ነው የተጋገረው!" ይላሉ። "እንቁላል የሌለው ለምን ይመስልሃል? ሳምንታት በመርከብ ተጉዞ ሳይበላሽ እንዲደርስ ነዋ! እንቁላልማ ከገባበት ኬክ በለውና ተገላገል።" ከዚያ የጋገራችሁትን ያነሱና ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ቋ ካለ አለፋችሁ። ድምፅ ከሌለው ግን አለቀላችሁ፤ "መርከቡን አይችልም!" ብለው ይፈርዳሉ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

አዲሱ ፓስተራችን፣ የዋህ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብስኩታቸው ላይ ቸኮሌት ቀብተው መጡ። እሜቴ ቤሪል ሳህኑን አዩ፣ ፓስተሩን አዩ። "እግዜር ይቅር ይበልዎት" አሉ። "እኔ ግን ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል።" የእኔ ደግሞ እጃቸው ላይ ተለመጠባቸው። "ኔቪል፣ ይቺን ጫማህ ውስጥ አድርጋት፤ ለተረከዝህ ትመችሃለች" አሉኝ፣ ያውም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት።

እውነቱን ልናገር ግን፤ እኚህ ሴት ሲጋግሩ አፌን ከፍቼ ነው የምቀረው። ቅቤውና ወርቃማው የስኳር ሽሮፕ ድስቱ ውስጥ ይቀልጣሉ። በፈላ ውኃ የተበጠበጠው የመጋገሪያ ሶዳ ጠብ ሲልበት አረፋው ቡፍ ብሎ ይነሳል። እኔ ብሆን ገና "ወይኔ!" ስል ምድጃው ላይ ይገነፍላል። እሳቸው ወደ ድስቱ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ከእኔ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ አረፋው ድስቱ አፍ ላይ ሲደርስ አጃው ላይ ገልበጥ ያደርጉታል። ሰዓት አያዩም። በወሬያቸው መሃል አፍንጫቸውን ቀና ያደርጉና "ደረሰ" ይላሉ፤ ሲከፈት ደርሷል። ጉድ ነው እኮ!

ዘንድሮ በጋው ሊወጣ ሲል ባለቤታቸውን አቶ ክላይቭን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ቢወጡም አንድ ጎናቸው ዛለ፣ መንጋጋቸው ደከመ። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ብቻ ብሎ አዘዘ። ሰውዬው ግን የተፈጨውን ሁሉ "የሕፃን ምግብ" ብለው አፋቸውን ዘጉ። ሸሚዛቸው በየቀኑ እየሰፋባቸው ሄደ። ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስም በዚህ ከቀጠሉ ሆስፒታል ተመልሰው ይተኛሉ፣ በቱቦ ነው የሚመገቡት አለች። ይህን የነገሩኝ እሜቴ ቤሪል ራሳቸው ናቸው።

በአንዛክ ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ የብስኩት ቆርቆሮዎቹን ለመውሰድ ቤታቸው ሄድኩ። በነጋታው ጎህ ሲቀድ የጦርነት መታሰቢያ ሐውልቱ ሥር ተሰብስበን ዘማቾቹን ካሰብን በኋላ መላው መንደር በሻይ የሚበላው የእሳቸውን ብስኩት ነው። ወደ ወጥ ቤቱ ስገባ ምድጃውን ሲከፍቱ ደረስኩ።

"እሜቴ! ገና ነው እኮ! ነጭ ነው!"

"ዝም በል ኔቪል።"

ትሪውን አወጡት። ብስኩቶቹ ወፈር ወፈር ያሉ፣ የገረጡ ናቸው። አንዱን ሲያነሱት እጃቸው ላይ እጥፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ አልጣሉትም። ወደ ሳሎን ይዘውት ሄዱና ባላቸው እግር ሥር ተንበረከኩ።

"ክላይቭ፣ ይቺን ብቻ። ለእኔ ስትል።"

አቶ ክላይቭ ብስኩቱን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሁለተኛው ሲሰጣቸውም በሉ።

"ቤሪል" አሉ በተሳሰረ ምላሳቸው። "እንዲህ ነው... የምወደው።"

"ምን አልክ?"

"ለስላሳውን። ድሮም።"

"ዕድሜ ልክህን ደረቁን ስትቆረጥም አልነበር እንዴ?"

"ሻይ ውስጥ... እየደበቅኩ አርሰው ነበር።"

"ታዲያ ምነው አትናገርም ነበር፣ አንተ ሰው!"

"አንቺ ደስ ይልሽ ነበራ።"

እሜቴ ቤሪል ግንባራቸውን ባላቸው ጉልበት ላይ ደፉ። ይስቁ ይሁን ያልቅሱ አላወቅኩም፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል። ስንት ዓመት የፈራኋቸውን ሴት ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኳቸው! አቶ ክላይቭ በደህናው እጃቸው ፀጉራቸውን ደባበሱላቸው። ከዚያም እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ኔቪል" አሉ፣ "ትሪውን አምጣው።"