አላሜሉን ከትኩስ ዶሳ ፊት የማስቀመጥ ዘመቻ

ንጽሐፍ እንከ፦ ቀድሞ የባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩት፣ አሁን ግን በረንዳቸውን ብቻ የሚገዙት ፓርታሳራቲ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሕመመ ጉልበት፣ ማለትም ባለቤታቸው አላሜሉ ቆማ መጋገር በተሳናት ወራት፣ በዕለተ እሑድ፣ በሕንድ አገር በቼናይ ከተማ ታላቅ ዘመቻ ሆነ።

ምክንያቱም ይህ ነው። አላሜሉ ከሙሽርነቷ ጀምራ የሩዝና የምስር ሊጥ እያቦካች፣ ዶሳ የሚባለውን ስስ ቂጣ ለባል፣ ለአማት፣ ለልጅና ለእንግዳ ከእሳቱ እያነሣች በትኩሱ ስታቀርብ ኖራ፣ የራሷን ግን ከሁሉ በኋላ፣ ምድጃውን ወልውላ፣ እንደ ቁርበት ደርቆ ትበላ ነበር። ቤቱ ሁሉ ይህን እያየ ዝም ብሏል፤ ያሳፍራል። ፓርታሳራቲ ግን ዘግይተውም ቢሆን ልባቸው ተነክቶ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ዛሬ አላሜሉ ቁጭ ብላ፣ ሰው ጋግሮላት፣ ዶሳዋን እየፈጃት ትበላለች! ሳትበላ ብትመለስ እኔ ሁለተኛ ቁርስ አልቀምስም!»

ወእምዝ ሥጋ ደጁን ወደማይረግጠው፣ ለንደንና ዱባይ ድረስ ቅርንጫፍ ወዳቆመው ስመ ጥር ምግብ ቤት ዘመቱ፤ በቀኝ አማቻቸው ጎፓል የመኪና ቁልፍ ይዞ፣ በግራ እህታቸው ፓድማ ጃንጥላ አንግባ፣ በመካከል አላሜሉ ቀስ እያለች። አዳራሹ ጢም ብሏል። በአገሩ ወግ መቀመጫ የፈለገ ሰው ሊጨርስ የተቃረበውን መርጦ ከወንበሩ ጀርባ ይቆማልና፣ ፓርታሳራቲ ሳህኑን ጥርግ ካደረገ ከአንድ ባለ መነጽር ጀርባ ሰፈሩ።

ባለ መነጽሩ ግን ቡና አዘዘ። ቡናውንም ከኩባያ ወደ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከሳህኑ ወደ ኩባያ እየገለበጠ ያበርድ ጀመር። ኋላ የመጡት ሁሉ በየአቅጣጫው ተቀምጠው ሲያዝዙ፣ የፓርታሳራቲ ሆድ ሲጮህ፣ የአላሜሉም ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ጎረምሳ ወንበሩን ሊነጥቅ ሾልኮ መጣ። ፓድማ ጃንጥላዋን ጋርዳ አወጀች፦ «አንተ ልጅ! እዚህ ከተቀመጥክ ጭኔ ላይ ነው የምትቀመጠው!» ሸሸ።

በመጨረሻ ባለ መነጽሩ ተነሣ፤ አላሜሉ ተቀመጠች። ዶሳው ቅቤው እያብለጨለጨ፣ እየተነነ መጣ። ያን ጊዜ እጇ እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርሶ ወደ ባሏ ተዘረጋ። ከዘመቻው ሁሉ የከበደው ይህ ነበረ፤ ርቧቸዋልና። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አወጁ፦ «አልቀምስም! ብዪው፣ ሳይበርድ!»

በላች። ጣቷን ፈጃት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያም አዳራሹ እስኪሰማ አወጀች፦ «ለካ እንዲህ ነው እንዴ! ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው ሳበላችሁ የኖርኩት? ሌላ አምጡ!»

ከኋላቸው አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ ወንበሩን ሲመኝ፣ ፓርታሳራቲ ዘወር ብለው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩት፦ «ወዳጄ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ እሷ ገና አሁን መጀመሯ ነው!»

እንግዲህ ክብርና ውዳሴ ርቧቸው ላልቀመሱት፣ ወንበር ማርከው ለቆሙት ለፓርታሳራቲ ይሁን፤ በማግሥቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከምድጃው ፊት ለቆሙት፣ ጠርዙ ያረረ፣ መሐሉ የተቀደደ ዶሳ ጋግረው፣ ትኩሱን ለእርሷ ላቀረቡት።